«ጀርመን የት?»፦ አሜሪካ የገባ ጀርመናዊ ቅድመ አያትን ዱካ መከተል

ሁለት ሐበሾች በሰው አገር ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥያቄ «አገርህ የት ነው?» ነው። ኢትዮጵያ ብለህ ብትመልስ ይስቅብሃል። «ጎጃም» ብትለውም አይለቅህም። «ጎጃም የት?» ይላል። «ቢቸና።» «ቢቸና የት?» እንዲህ እያለ አንድ አጥቢያ ላይ ካላደረሰህ አያርፍም። እዚያ ከደረሰ ደግሞ ወይ አጎትህን ያውቃል፣ ወይ ዘመድ ሆናችሁ ቁጭ ትላላችሁ።

ይህን ያነሣሁት ልጄ ባመጣችው የቤት ሥራ ምክንያት ነው። አራተኛ ክፍል ናት። የቤተሰብሽን የዘር ግንድ ሠርተሽ ነይ ተብላ መጣች። የኔን ወገን በአንድ ስልክ ጨረስነው። እናቴ ቡና እያፈላች፣ ብዙም ሳታስብ፣ ሰባት ቤት ቆጠረችልን። የባለቤቴ ወገን ላይ ግን ቆምን። እሱ ኦሃዮ ተወልዶ ያደገ አሜሪካዊ ነው። ስለ ቅድመ አያቶቹ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከጀርመን ነው የመጡት።» ጀርመን የት? እሱም አያውቅ፣ አማቴም አታውቅ። ልጄ «ጀርመን» ብላ ጽፋ አስረከበች። እኔን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ መዝገብ ስቆፍር ከረምኩ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ከአሜሪካዊ ጋር የተጋባችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ጎረቤት ያሉ አሮጊት «ኮምፒውተር ታውቃለህ፣ እስቲ አግዘኝ» ያሏችሁም እንዲሁ። በ2020ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ወደ 45 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የዘር ሐረጌ ጀርመናዊ ነው ብሎ ሞልቷል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ቀን ቤታችሁ ቢመጣ አይግረማችሁ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ጀርመን ውስጥ የአገሩ ሰው ሁሉ ስም ያለበት አንድ ማዕከላዊ መዝገብ የለም። ልደት፣ ጋብቻና ሞት ለብዙ ዘመን ሲጻፍ የኖረው በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ነው። መንግሥት በመላ አገሪቱ የራሱን የክብር መዝገብ የጀመረው በጥር 1876 ነው፤ ፕራሻ በጥቅምት 1874 ቀድማለች። እሱም ቢሆን በየከተማውና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ «ዮሐን ሙለር፣ ጀርመን» ብሎ መፈለግ «አበበ ከበደ፣ ኢትዮጵያ» ብሎ እንደ መፈለግ ያለ ነው። የመንደሩ ስም ከተገኘ ግን ብዙውን ጊዜ ከአያት እስከ ምንጅላት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተሰልፈው ይጠብቋችኋል።

የመንደሩ ስም ደግሞ በአብዛኛው የተቀመጠው አሜሪካ ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቸኩሎ ውቅያኖሱን ይሻገራል። ስሙ ተመሳሳይ የሆነ ሰው ያገኝና የሌላ ሰው አያት ይዞ ይመለሳል። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ የማላውቀውን ሰው ዘር ስቆጥር ከርሜያለሁ።

«ጀርመን» የሚባለው ቃል ራሱ ያሳስታል። አንድ የጀርመን መንግሥት የተመሠረተው በ1871 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕራሻ፣ ባቫሪያ፣ ዉርተምበርግ፣ ባደን፣ ሳክሶኒ፣ ሃኖቨር፣ ሜክለንበርግ እና ሌሎች ትናንሽ መንግሥታት ናቸው። አንዱ ንጉሥ አለው፣ ሌላው መስፍን። በ1860ው የአሜሪካ ቆጠራ «የትውልድ ቦታ፦ ሃኖቨር» ያለ ሰው በ1870ው «ፕራሻ» ሊል ይችላል። በ1900ው ደግሞ «ጀርመን» ይላል። ሰውየው አልዋሸም። በ1866 ፕራሻ ሃኖቨርን ዋጠቻት፤ በ1871 ሁሉም ተጠቃለሉ። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ሰውየው ከድሮዋ ሃኖቨር እንደመጣ ትረዳላችሁ። ይኸውላችሁ፣ ከአንድ ሰፊ አገር ወደ አንድ ክፍለ ሀገር ወረዳችሁ ማለት ነው።

ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ቤተሰብ ለምሳሌ ልውሰድ። የዶናልድ ትራምፕ አያት ፍሪድሪሽ ትራምፕ በ1869 የተወለደው ካልሽታት በምትባል ወይን አብቃይ መንደር ነው። ካልሽታት ያለችው ከራይን ወንዝ በስተምዕራብ፣ ፕፋልስ በሚባለው አካባቢ ነው። ፕፋልስ ያኔ የባቫሪያ ንጉሥ ግዛት ነበር። ከዋናው ባቫሪያ ጋር ግን በመሬት እንኳ አይገናኝም፤ መሐል ላይ ሌሎች መንግሥታት አሉ። ስለዚህ «ባቫሪያ» የሚል ወረቀት ይዞ ሙኒክ ዙሪያ የሚቆፍር ሰው ዕድሜውን ይጨርሳታል።

ፍሪድሪሽ በ16 ዓመቱ፣ በጥቅምት 1885፣ ከብሬመን «አይደር» በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ኒውዮርክ ገባ። በመንገደኞች ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ስም «ፍሪድር. ትሩምፕፍ» ይላል። የፊቱ ስም አጥሯል፤ የኋለኛው ላይ ፊደል በዝቷል። ትክክለኛውን ስም ብቻ አስገብቶ ሰርች የሚያደርግ ሰው ያልፈዋል። ሲደርስም ማንንም የማያውቅ መጻተኛ አልነበረም። ታላቅ እህቱ ካታሪና ቀድማ ገብታለች፤ ባሏም የካልሽታት ሰው ነው። እነሱ ቤት አረፈ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በ1892 ሲያትል ውስጥ የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ። ገንዘብ ያዘ፣ ያገሩን ልጅ አገባ፣ በ1904 ጠቅልዬ አገሬ ልግባ አለ። የባቫሪያ ባለሥልጣናት ግን «ሳታስፈቅድ፣ የውትድርና ግዴታህን ሳትወጣ ነው የሄድከው» ብለው በ1905 አስወጡት። ይህ ታሪክ ለእኛ ለፈላጊዎቹ አንድ ጥሩ ነገር ይነግረናል። ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ይጠየቅ ስለነበር፣ የጠየቀ ሰው ፋይል ተከፍቶለታል። ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነዕዳው ተጽፏል። ሳይጠይቅ የጠፋውም፣ ለውትድርና ሲፈለግ ከታጣ፣ ስሙ በመንግሥት ጋዜጣ የወጣበት ጊዜ አለ። የዉርተምበርግና የባደን ስደተኞች ማውጫ ዛሬ በኢንተርኔት ይገኛል።

የሚገርመው ግን የቤተሰቡ ወግ ነው። የፍሪድሪሽ ልጅ ፍሬድ ለብዙ ዓመት «እኛ ስዊድናውያን ነን» ይል ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ጀርመን መባል የማያኮራበት ዘመን ነበራ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ብዙዎች ስማቸውን ቀየሩ። በርካታ የጀርመንኛ ጋዜጦች ተዘጉ። ሳወርክራውት የሚሉት የኮመጠጠ ጎመን እንኳ «የነጻነት ጎመን» ተባለ። ስለዚህ አያት የነገሩትን ጻፉት፣ ግን አትማሉበት። «ደች ነን» ቢሏችሁም ወደ ሆላንድ አትሩጡ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ «ደች» የሚባሉት ጀርመኖች ናቸው፤ ድሮ በእንግሊዝኛ «ደች» የሚለው ቃል ጀርመኖችንም ይጨምር ነበር።

እንግዲህ ፍለጋው የሚጀመረው ከቤት ነው። አሮጌ ሣጥን፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የአልጋ ሥር። የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ካለ መሐሉን ግለጡት፤ ልደትና ሞት የሚጻፍበት ገጽ ሊኖረው ይችላል። የቀብር ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ ከጀርመን የመጣ ደብዳቤ፣ በፖስታው ላይ ያለው ማኅተም፣ ሁሉም ይናገራል። ፎቶም ቢሆን ጀርባውን እዩት። የፎቶ ቤቱ ስምና ከተማ በብዛት ታትሞበታል። ከዚያ በዕድሜ የገፉትን አነጋግሩ። ፈረንጅ ስለ ዘሩ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ኬክ ያወጣላችኋል።

ከቤት ወጥታችሁ የምትሄዱት ወደ ሕዝብ ቆጠራው ነው። አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ትቆጥራለች። እስከ 1840 ድረስ የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነበር። ከ1850 ጀምሮ ነው ባርያ ያልሆነ ሰው ሁሉ በስሙ የተመዘገበው። በ1880ው የእናትና የአባት የትውልድ አገርም ተጨመረ። ለእኛ ጉዳይ ወርቅ የሆነው የ1900ው ነው። የተወለደበት ወርና ዓመት፣ አሜሪካ የገባበት ዓመት፣ ዜግነት መውሰድ አለመውሰዱ ሁሉ አለበት። የ1920ው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከጦርነቱ በኋላ የአውሮፓ ድንበር ስለተቀየረ፣ ቆጣሪዎቹ ጀርመን የተወለደን ሰው ክፍለ ሀገሩን ወይም ከተማውን ጭምር እንዲጽፉ ታዘው ነበር። ሁሉም አልጻፉም። የጻፈ ትጉህ ቆጣሪ የደረሰው ሰው ግን ዕድለኛ ነው። የ1890ውን አትፈልጉት። በጥር 1921 ዋሽንግተን በተነሣ እሳት ተጎዳ፣ የተረፈውም ኋላ ተወገደ። የ62 ሚሊዮን ሰው ቆጠራ ሆኖ ዛሬ ያለው የጥቂት ሺህ ሰው ስም ነው።

የዜግነት ወረቀትም መታየት አለበት፤ ግን ብዙ አትጠብቁበት። ሂደቱ ሁለት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ «ዜጋ መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ መመዝገብ፣ ከዓመታት በኋላ መማል። ከመስከረም 1906 በፊት ይህ በየትኛውም ፍርድ ቤት ይፈጸም ነበር፤ ቅጹም ወጥ አይደለም። ብዙውን ጊዜ «የዉርተምበርግን ንጉሥ ክጃለሁ» የሚል መሐላ እንጂ መንደር አይገኝበትም። ያም ቢሆን ንጉሡ ማን እንደሆነ ካወቃችሁ አገሩ ታወቀ ማለት ነው። ከ1906 በኋላ ያለው ቅጽ ግን የትውልድ ቦታን ለይቶ ይጠይቃል። ሴቶችን ለብቻ አትፈልጉ፤ ከ1855 እስከ 1922 ሚስት በባሏ ዜግነት ነበር የምትገባው።

የመንደር ስም በብዛት የሚገኘው አሜሪካ ባለች የጀርመን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብዙ ሌሊት እተኛ ነበር። የመንግሥት ጸሐፊ ስለ መንደር ግድ የለውም። ቄሱ ግን ከዚያው አገር የመጣ ነው፤ የመንደር ስም ለእሱ ትርጉም አለው፣ አጻጻፉንም ያውቃል። ሲንሲናቲን፣ ሚልዎኪን፣ ሴንት ሉዊስን የመሳሰሉ ከተሞች ውስጥ በጀርመንኛ የሚቀደስባቸውና የሚሰበክባቸው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ሲያጋቡ «እገሌ፣ ከእገሌ መንደር» ብለው ይጽፉ ነበር። የባለቤቴ ቅድመ አያት የጋብቻ መዝገብ የተገኘው ሲንሲናቲ ካለች አንዲት አጥቢያ ነው። አንድ መስመር ነው። የሱ መንደር አለ፣ የሷ መንደር አለ፣ የምስክሮቹም ስም አለ። የመቃብር ድንጋይም እንዲሁ ነው። በጀርመንኛ የተጻፈ ካያችሁ እስከ መጨረሻው አስነብቡት፤ አንዳንዱ መንደሩን በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። የጀርመንኛ ጋዜጦች የሞት ዜናም ከእንግሊዝኛዎቹ ይልቅ ስለ ትውልድ ቦታ ይዘረዝራል።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። እኛ ስም ሲበላሽ ማየት ለምደናል። አንድ ፀጋዬ በፓስፖርቱ፣ በመንጃ ፈቃዱና በባንክ ደብተሩ ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይዞራል። ጀርመኖቹም ያው ነበሩ። ሽሚት ስሚዝ ሆነ፣ ሙለር ሚለር፣ ኮኽ ኩክ። ቀጥታ የተረጎሙትም አሉ፤ ሲመርማን አናጺ ማለት ስለሆነ ካርፔንተር ተባለ፣ ሽቫርትስ ጥቁር ማለት ስለሆነ ብላክ ተባለ። የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አባቶች በ1741 ፊላደልፊያ ሲገቡ ስማቸው በጀርመንኛው አጻጻፍ Eisenhauer ነበር፤ Eisenhower የሚለው ኋላ የመጣ ነው። የደቡብ ምዕራብ ጀርመኖች «ፕ»ን እና «ብ»ን፣ «ት»ን እና «ድ»ን በንግግር ብዙም አይለዩም። ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ። ስለዚህ ስትፈልጉ ሁለቱንም ሞክሩ።

የፊት ስምም የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ቤት ዮሐን ጊዮርግ፣ ዮሐን ፔተር፣ ዮሐን ሃይንሪሽ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ታገኛላችሁ። አንዱ ሞቶ ሌላው የተተካ አይደለም። ዮሐን እንደ ክርስትና ስም የተለጠፈ ነው፤ የሚጠሩት በሁለተኛው ነው። ሃይንሪሽ ደግሞ በካቶሊክ መዝገብ በላቲን ሄንሪኩስ፣ በሰሜኖቹ አፍ ሂንሪሽ፣ አሜሪካ ሲገባ ሄንሪ ነው። አራቱም አንድ ሰው ነው። የሴቶች የቤተሰብ ስም መጨረሻ ላይ «ኢን» ከተጨመረ ሌላ ቤተሰብ እንዳይመስላችሁ። ሙለሪን ማለት የሙለር ልጅ ወይም ሚስት ማለት ነው።

ሐበሻ በደንብ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ ኦስትፍሪስላንድ በሚባለው አካባቢ፣ ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበረም። ልክ እንደኛ በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። የሃርም ልጅ ያን «ያን ሃርምስ» ይባላል። የያን ልጅ ጌርድ ደግሞ «ጌርድ ያንሰን» ይባላል። ናፖሊዮን በ1811 ቋሚ ስም ያዙ ብሎ አዘዛቸው። አሜሪካውያን እዚህ ላይ ራሳቸውን ይዘው ይጮኻሉ፤ እናቴ ብትሰማ ግን «ታዲያ ምን ይገርማል?» ነው የምትለው። ወረድ ብሎ ዌስትፋሊያና ኦስናብሩክ አካባቢ ደግሞ ስሙ የሰው ሳይሆን የእርሻው ነው። የእርሻ ወራሽ የሆነችን ሴት ያገባ ወንድ የራሱን ስም ትቶ የእርሻውን ስም ይይዛል። ስለዚህ አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም የተለያየ ስም ይዘው ታገኛላችሁ። እኔን ሁለት ሳምንት ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

መሬት ካነሣን የመሰደዳቸውም ምክንያት እዚያው ነው። በደቡብ ምዕራብ መሬት ለልጆች ሁሉ ይከፋፈል ነበር። ትውልድ በተጨመረ ቁጥር እያነሰ እያነሰ በሬ የማያዞር ሆነ። በሰሜን ምዕራብ በተቃራኒው አንዱ ልጅ ሙሉውን ይወርሳል፤ የቀሩት የሰው መሬት እያረሱ፣ ለባለርስቱ ጉልበት እየከፈሉ የሚኖሩ ጭሰኞች ሆኑ። በ1840ዎቹ የድንች በሽታ ተጨመረ። ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ጉዞው አጠረ። በ1880ዎቹ ብቻ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ጀርመናውያን አሜሪካ ገቡ።

ወደ ካታሪና ልመለስ። ሰው ብቻውን አይሰደድም። አንዱ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ እህቱን ይስባል፣ እሷ ባሏን፣ ባሏ ወንድሙን። በኛስ ዲሲና ሚኒያፖሊስ የሞሉት እንዴት ሆነና! ከካልሽታት የወጣው የትራምፕ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። የኬቻፑ የሄንሪ ሃይንዝ አባትም የዚያችው መንደር ልጅ ነው፤ በ1840 ነው አሜሪካ የገባው። ስለዚህ የእናንተ ሰው መንደር እምቢ ካለ፣ ጎረቤቱን ፈልጉ። የሠርጉን ምስክር፣ የልጆቹን የክርስትና አባትና እናት፣ አጠገቡ የተቀበረውን ሰው። በቆጠራው ገጽ ላይ ከላይና ከታች ያሉትን አምስት አምስት ቤተሰቦች እዩ። ከእነሱ የአንዱ መንደር ከታወቀ የእናንተም ሰው ከዚያው ወይም ከአጎራባቹ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የክርስትና አባትማ እንደኛው ነው፤ ከመንገድ አይመረጥም።

ስለ መርከብ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። መጀመሪያ ግን አንድ ተረት ላፍርስ። «ኤሊስ ደሴት ላይ ጸሐፊው የአያቴን ስም ቀየረው» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ኤሊስ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ስደተኞች የሚመረመሩባት ደሴት ነበረች። ዝርዝሩ የሚዘጋጀው መርከቡ ሲነሣ፣ በመርከብ ኩባንያው ነበር። የኤሊስ ሠራተኞች ሥራ የተጻፈውን ማመሳከር ነው። ስሙን የቀየረው ራሱ ሰውየው ነው፣ ኋላ ላይ፣ ለኑሮ ሲል። ደግሞስ ኤሊስ ደሴት የተከፈተው በ1892 ነው። አብዛኛው ጀርመናዊ ከዚያ በፊት ገብቷል። ከ1855 እስከ 1890 ኒውዮርክ የገባ ከሆነም ከኤሊስ በፊት በነበረው መቀበያ፣ በካስል ጋርደን በኩል ነው፤ ብዙዎች ደግሞ በባልቲሞር ወይም በኒው ኦርሊንስ ገብተዋል።

የአሜሪካ የመንገደኞች ዝርዝር ከ1820 ጀምሮ አለ። ግን የድሮው «ጀርመን» ብሎ ነው የሚያልፋችሁ። የትውልድ ቦታ የተጨመረው በ1906 ነው። በመነሻው ወደብ በኩል ያለው የዕድል ጉዳይ ነው። በሃምቡርግ የወጣ ሰው ከሆነ እሰየው። የሃምቡርግ ዝርዝር ከ1850 እስከ 1934 ተርፏል፤ መንገደኛው የመጣበትን ቦታም ይናገራል። በብሬመን ከወጣ ግን አዝናለሁ። የብሬመን ሰዎች ማስቀመጫ ቦታ ጠበበን ብለው ቆየት ያሉትን ዝርዝሮች ሲያስወግዱ ኖሩ። የቀረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ። የተረፈው ከ1920 እስከ 1939 ያለው ነው። ያንን ሁሉ ሚሊዮን ስም ለቦታ ጥበት! ባሰብኩት ቁጥር ያበግነኛል።

የመንደሩን ስም አገኛችሁ እንበል። አሁንም ቆም በሉ። ኖይሽታት የሚባል ቦታ በየክፍለ ሀገሩ አለ፤ «አዲስ ከተማ» ማለት ነውና። «ሜየርስ» የሚባል የጀርመን ግዛት የቦታ ስሞች መዝገብ አለ። በ1912 ግድም የታተመ ነው። ከ200,000 በላይ ቦታዎችን ይዟል፣ በኢንተርኔትም በነጻ ይታያል። መንደሩ በየትኛው ወረዳ እንደነበር፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ይኑረው አይኑረው ይነግራችኋል። ምሥራቁ ላይ ከሆነ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ላይሆን ይችላል። ብሬስላው ዛሬ ቭሮትስዋፍ ናት፣ ሽቴቲን ሽቼቺን ናት፤ ሁለቱም ፖላንድ ውስጥ ናቸው። ኮኒግስበርግ ካሊኒንግራድ ተብላ የሩሲያ ሆናለች።

ቀጥሎ ሃይማኖቱን ማወቅ አለባችሁ፤ መዝገቡ በሃይማኖት ነው የተከፈለው። ካቶሊክ ከሆነ «ማትሪኩላ» የሚባለው ድረ ገጽ የብዙ ሀገረ ስብከቶችን መዝገብ በነጻ አስቀምጧል። ፕሮቴስታንት ከሆነ «አርኪዮን» አለ፤ እሱ ያስከፍላል። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው «ፋሚሊሰርች» በነጻ ነው፤ ለአሜሪካው ወረቀትም ለጀርመኑም መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው። ዲኤንኤውስ ለምትሉ፣ ዘመድ ያገናኛል፣ መንደር ግን አይናገርም።

መዝገቡ ሲከፈት የመጀመሪያው ድንጋጤ የእጅ ጽሑፉ ነው። ኩሬንት ይባላል። ዛሬ ያለ ጀርመናዊ እንኳ ብዙው አያነበውም። ዛሬ «ኢ» የምንላት ፊደል እዚያ «ኤን» ትመስላለች። «ኤስ» እና «ኤፍ» መንትያ ናቸው። ሁሉንም ለማንበብ አትታገሉ። የምትፈልጉትን የቤተሰብ ስም በኩሬንት ራሳችሁ ሃያ ጊዜ ጻፉት። እጃችሁ ሲለምደው ዓይናችሁ ገጹ ላይ ይለየዋል። ምልክቶቹንም እወቁ፤ ኮከብ ልደት ነው፣ መስቀል ሞት፣ ሁለት የተቆላለፉ ቀለበቶች ጋብቻ።

ቀን ላይ እኛ ብልጫ አለን። በሁለት ካላንደር መኖር ለምደናል። «7በር» የሚል ካያችሁ ሐምሌ እንዳይመስላችሁ። በላቲን ሰባት «ሴፕቴም» ስለሆነ ሴፕቴምበር ማለት ነው። «8በር» ኦክቶበር ነው። አንዳንድ ቄስ ደግሞ ቀኑን በቁጥር አይጽፍም፤ «በሚካኤል ማግስት» ብሎ ያልፋል። የነሱ ሚካኤል ሴፕቴምበር 29 ቀን ነው። ከራይን በስተምዕራብ ደግሞ ፈረንሳይ ይገዛ በነበረበት ጊዜ፣ እስከ 1805 መጨረሻ፣ በፈረንሳይ አብዮት ካላንደር የተጻፈ መዝገብ አለ። እሱ ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ናቸው፤ ዓመቱ መጨረሻ ላይ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይተርፋል። ጳጉሜን የሚያውቅ ሰው አይደናገርም።

የባለቤቴን ቅድመ አያት የክርስትና መዝገብ ያገኘሁት አንድ እሑድ ሌሊት ነው። በላቲን የተጻፈ፣ ሄንሪኩስ የሚል፣ ከኦስናብሩክ ብዙም ከማትርቅ መንደር። የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስም፣ የክርስትና አባቱ ስም። ጠርዙ ላይ፣ በሌላ ቀለምና በሌላ እጅ፣ ሁለት ቃል ተጨምሮበታል፦ «ወደ አሜሪካ»። ልጁ ሲሄድ ቄሱ መዝገቡን አውጥቶ ነው የጻፈው።

ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። ልጄ ጠዋት ሰምታ የቤት ሥራዋን ላስተካክል አለች። እናቴ ጋ ደወልኩና የመንደሩን ስም ነገርኳት። ስሙን ለመድገም ሞከረች፣ አቃታት፣ ሳቀች።

«ደብሩስ የማን ነው?» አለችኝ።